ስለ ክሮቼራው፣ ስለ ሚኒሞውና ስለ ተከሰሱት ሹፌር

ለክቡር አቶ ይሁኔ
የጋራ ተሽከርካሪዎች ጥገና ጥያቄ አጣሪ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ ለጸሐፊዎ እንዲሁም ከጣሪያዎ ላይ ለሚዞረው ማራገቢያ የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። የግንቦት ፀሐይ ቆላውን እንዲህ በሚያነድበት ወቅት የማራገቢያው ጤና የክፍሉ ጤና መሆኑን ባለፉት አራት ወራት አምስት ጊዜ ከበርዎ ፊት ተቀምጬ ተረድቻለሁ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን። ደኅና ያልሆነው መኪናችን ነው፤ እሱም ቢሆን የታመመው "በሚኒሞ ደረጃ" ብቻ መሆኑን በማኅተም ስላረጋገጡልን ተጽናንተናል።

እኔ ወለላ እባላለሁ፤ ከሮቢት በስተ ምሥራቅ፣ ከአሸዋማው ወንዝ ማዶ ባለችው ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ሹፌራችን ጋሽ አሚን በመጪው ሐሙስ ከዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ስለሚቀርቡ ነው። የተከሰሱት "የመንግሥት ተሽከርካሪ አካልን ያለ ፈቃድ ፈትቶ በመንገድ ላይ በመጣል" ሲሆን፣ ክሱን የፈረሙት ክቡርነትዎ ነዎት። ከተፈረደባቸው ሃያ ሁለት ዓመት የያዙትን መሪ ይለቃሉ፤ በጤና ጣቢያችን ደግሞ ያንን መኪና ከእሳቸው ሌላ አስነሥቶ የሚነዳው ሰው የለም። ስለዚህ ኮሚቴው ከመቀመጡ በፊት ለክፍልዎ ያለብንን የምስጋና ዕዳ በቁጥር በቁጥር ላቅርብ።

፩ኛ. መካኒክ ባለመላክዎ ስላገኘነው ትምህርት

በጥር ወር መኪናችን ሁለት ሕመም አሳየ። ማርሽ ገብቶለት ሊነሣ ሲል ከሆዱ ሥር አንድ ጊዜ "ኳ" ይላል፤ ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ ወባ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል። ባለ ሁለት ዲፈረንሻል፣ የኋላውም የፊቱም ጎማ ኃይል የሚያገኝ አሮጌ መኪና ነው፤ ዕድሜው ከእኔ ስለሚበልጥ አንቱ ቢባልም አይበዛበትም። መካኒክ እንዲላክልን በጠየቅን ጊዜ "በመርሐ ግብር ተይዟል" የሚል መልስ ስለሰጡን፣ ጋሽ አሚን መርሐ ግብሩ እስኪደርስ ድረስ ራሳቸው መረመሩት።

ምርመራቸውን ቆሜ አይቻለሁ፤ ከእኔ ሙያ ብዙም አይርቅም። መጀመሪያ እኔን ውጭ አቁመው ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየነዱ፣ ድምፁ ሲነሣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ወይስ ሲሄድም ይደጋግማል ብለው ጠየቁኝ። ሲነሣ ብቻ ነው አልኳቸው። ሞተሩን አጥፍተው፣ ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ሸጉጠው ከመኪናው ሆድ ሥር ገቡና ከካምቢዮው ወደ ኋላ እግር የሚሄደውን ዘንግ በሁለት እጃቸው ይዘው ግራና ቀኝ ጠመዘዙት። ዘንጉን ከጫፉ የሚያያይዘው ባለ አራት ጣት ብረት፣ ክሮቼራ የሚሉት፣ ሊወልቅ እንደተቃረበ ጥርስ ብቻውን ይነቃነቃል።

ለመንቀጥቀጡ ደግሞ እኔ የፅንስ ልብ በማዳመጫ ቀንድ እንደማዳምጥ እሳቸው ረጅም ካቻቢቴ ከሞተሩና ከጆሯቸው መሐል አስደግፈው አዳመጡ። ቀጥለውም ሞተሩ እየሠራ ናፍጣ የሚያደርሱትን ስድስት ቱቦዎች ተራ በተራ ላላ አደረጓቸው። አምስቱ ሲላሉ የሞተሩ ድምፅ በየተራ ይዛነፋል፤ አንደኛው ሲላላ ግን ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም። ያ ሥራ ፈት መሆኑ በዚህ ታወቀ፤ ለካ ናፍጣ የሚረጭበት አፍንጫው ተደፍኖ ኖሯል። ከዚያን ቀን ወዲህ መሥሪያ ቤት በገባሁ ቁጥር፣ ማን ላላ ቢል ሥራው ምንም እንደማይለወጥ በዓይኔ እፈልጋለሁ። ስለዚህ ዕውቀት ክፍልዎን አመሰግናለሁ።

፪ኛ. ስለ ቋንቋ ጥንቃቄዎ

ማመልከቻችን አጭር ነበር፦ ክሮቼራው ስለላላ ይቀየርልን፤ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ስለሚንቀጠቀጥ የአንዱ ናፍጣ መርጫ ይታይልን። ክፍልዎ በየካቲት ወር "ክሮቼራ የተባለው ቃል የሥራ ቋንቋ ስላልሆነ በአማርኛ ተተክቶ ይቅረብ" ብሎ መለሰው። ከሞጆ እስከ መቀሌ በየጋራዡ ደጃፍ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ቃል ከክፍልዎ ደጃፍ እንግዳ መሆኑ ባይገባንም፣ ታዘን ሮቢት ወደሚያስተምሩት መምህር አንዷለም ሄድን። መምህሩ አሮጌ ክሮቼራ አገላብጠው አዩና፣ መስቀልኛ ሆኖ የተሠራ ስለሆነ "መስቀል" ቢባል ያስኬዳል አሉ። እኛም "የመኪናችን መስቀል ስለላላ ይቀየርልን" ብለን ጻፍን።

በመጋቢት የደረሰንን መልስ ቃል በቃል አኖራለሁ፦ "መስቀል ይቀየርልን በሚል የቀረበው ጥያቄ ከእምነት ጋር የተያያዘ በመሆኑ ክፍላችን ጣልቃ አይገባም። በመንግሥት ተሽከርካሪ ላይ ሃይማኖታዊ ምልክት ማንጠልጠል ክልክል መሆኑን እያሳሰብን፣ ሹፌሩ በጥብቅ እንዲጠነቀቁ የዚህ ግልባጭ ከግል ማኅደራቸው ጋር እንዲያያዝ አድርገናል።"

ጋሽ አሚን አምስት ወቅት ሰላት የማያጓድሉ ሰው ናቸው። ደብዳቤው ሲነበብላቸው መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥለው ግን ድጋሚ አስነበቡት፤ ምክንያቱም ሃያ ሁለት ዓመት ንጹሕ የነበረው ማኅደራቸው የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያውን ያገኘው መስቀል በማንጠልጠል ነበር። የመንደሩ ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው አጋጣሚውን አላሳለፉትም። ባለ ሱቁ ካሳው ባያቸው ቁጥር መቼ ክርስትና እንደሚነሡ ይጠይቃቸዋል፤ እሳቸውም የንስሐ አባቴ አቶ ይሁኔ ፈቃድ ሲሰጡኝ ነው ይሉታል። ይህን በማሳወቄ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ፤ ሳያውቁት በቆላው ሹመት አግኝተዋል።

፫ኛ. "ሚኒሞ" የተባለውን ቃል ስለማለፍዎ

ክሮቼራን የመለሰው ብዕር ሚኒሞን ለምን እንዳሳለፈው ግራ ገብቶን ነበር። በሚያዝያ ገባን። "መንቀጥቀጡ በሚኒሞ ደረጃ ላይ የሚገኝ መሆኑን አመልካቾች ራሳቸው ያመኑ ስለሆነ ጉዳዩ አስቸኳይ አይደለም፤ ወደ ማክሲሞ ሲደርስ ወዲያውኑ እንዲያሳውቁን" ይላል ደብዳቤዎ።

ክቡር ሆይ፣ በሹፌሮች አፍ ሚኒሞ ማለት ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ባለበት መሥራቱ ነው። የሕመሙን ሰዓት ነገርንዎት እንጂ መጠኑን አልነገርንዎትም። እኔ ምጥ ይዟት የምትመጣን ሴት ሕመምሽ በሚኒሞ ደረጃ ስለሆነ ማክሲሞ ሲደርስ ተመለሺ ብላት፣ ከእኔ ማኅደር ጋር የሚያያዘው ወረቀት ምን እንደሚሆን መገመት አልችልም።

፬ኛ. መኪናው እስኪታይ በባጃጅ እንድንጠቀም ስለመከሩን

እናመሰግናለን። ባጃጁ እስካሁን አሸዋው ውስጥ ነው።

፭ኛ. ስለ ግንቦት ዘጠኝ

እዚህ ላይ ትሕትናዬ ሊጎድል ስለሚችል አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ራዊያ የምትባል እናት የመጀመሪያ ልጇን በኦፕራሲዮን የወለደች ናት። እንደ እሷ ያለችን ሴት ምጥ ከጀመራት እኔ ዘንድ ማቆየት አይገባም፤ የቀድሞው ስፌት ከተተረተረ እናትም ልጅም በደቂቃዎች ይሄዳሉ። ስለዚህ እሷንና እናቷን ወይዘሮ መይሙናን አሳፍረን ወደ ቆቦ ሆስፒታል ተነሣን። ወንዙ መሐል ስንደርስ መኪናው ለመጨረሻ ጊዜ "ኳ" አለ፤ ክሮቼራው ተሰበረና ዘንጉ ወርዶ አሸዋው ላይ ተተከለ። ጋሽ አሚን ነዳጅ ሲረግጡ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ የኋላ ጎማዎቹ ንቅንቅ አላሉም። በምዕራብ በኩል ተራራው ጠቁሯል። ደጋው ሲጠቁር ያ ደረቅ አሸዋ ምን ይዞ እንደሚመጣ የቆላ ሰው ያውቃል። ወይዘሮ መይሙና ያረቢ፣ ያረቢ ይላሉ። እኔ እጄ ከራዊያ ሆድ ላይ ነበር፤ ፈርቼ ነበር፤ እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ጋሽ አሚን የመፍቻ ቁልፋቸውን ይዘው ከሥር ገቡ። የኋላውን ዘንግ በሁለቱም ጫፍ ፈትተው አውጥተው ወንዙ ዳር ጣሉት። የፊት ጎማዎቹን መቆለፊያ በእጃቸው አዞሩ፤ ከማርሹ ጎን ያለውን አጭሩን እጀታ ጎትተው ለፊተኛው ዲፈረንሻል ኃይል ሰጡት። ግንባራቸው ላይ ቅባትና አሸዋ እንደተለጠፈ መሪው ላይ ተቀምጠው ወደ እኔ ዞር አሉ።

"ሲስተር፣ ከኋላ የሚገፋን የለም፤ በፊቱ እንሄዳለን" አሉ።

ሄድንም። ከወንዙ በወጣን ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ጎርፉ መድረሱን፣ ማዶ ማሽላቸውን ሊዘሩ እርሻ ሲያለሰልሱ የነበሩ ገበሬዎች ኋላ ነግረውናል። ቆቦ የተቀበለን ሐኪም ስፌቱ ሳስቶ ሳስቶ ወረቀት መስሎ እንደነበር ነገረኝ። ሴት ልጅ ተወለደች፤ ስሟ ሱአድ ነው። ዘንጉን ጎርፉ ወስዶታል።

ክስዎ ከዚህ ሁሉ ውስጥ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የያዘው።

ደጋግሜ አሰብኩበት። ጋሽ አሚን መመሪያውን አክብረው፣ ፈቃድ እስኪመጣ መሪያቸውን ይዘው ተቀምጠው ቢሆን ኖሮ የራዊያ ሕይወት እዚያው ያልፍ ነበር። እኛም "በተሽከርካሪ ብልሽት ምክንያት" ብለን እንጽፍ፣ ክፍልዎም የኀዘን መግለጫ ይልክ፣ መኪናው በሳምንቱ ይጠገን ነበር፤ ማንም ሰው አይከሰስም ነበር። በሕይወት ስለተረፈች ግን ከወረቀቱ ላይ የጎደለው አንድ ብረት ብቻ ሆነ፤ ብረት ሲጎድል ደግሞ ተጠያቂ ይፈለጋል። ይህን ማየት ያማል። ሌላ ጨዋ ቃል አጥቼ አይደለም፤ ያማል።

ስለሆነም ሐሙስ ዕለት ኮሚቴው አንድ ቀላል ምርመራ እንዲያደርግ በታላቅ አክብሮት አሳስባለሁ። መዝገቡን ይዘው ጋሽ አሚንን ለጊዜው ከጤና ጣቢያችን ያውጧቸውና ምን እንደሚቆም ይቁጠሩ። ቀጥለውም የጥገና ጥያቄ አጣሪ ክፍሉን ለጊዜው ያውጡና ምን እንደሚቆም ይቁጠሩ። ድምፁ ያልተለወጠበት ቦታ ላይ የተደፈነ ነገር አለ።

ክቡርነትዎ ለአራት ወራት ላሳዩን የማይነቃነቅ ጽናት፣ ለቃላት ላሳዩት ጥንቃቄና ለብረት ላሳዩት ርኅራኄ ያለኝን፣ በሚኒሞም በማክሲሞም የማይለካ ምስጋና እያቀረብኩ፣ የማራገቢያዎ ነፋስ እንዳይቋረጥብዎ የዘወትር ጸሎቴ መሆኑን በማረጋገጥ እሰናበታለሁ።

ከወንዙ ማዶ፣
ሲስተር ወለላ
አዋላጅ ነርስ

ግልባጭ፦
ለዲሲፕሊን ኮሚቴው፤
ለመምህር አንዷለም፣ ከእንግዲህ ለመኪና ዕቃ ስም እንዳያወጡ።

ተጨማሪ፦ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በጋዜጣ ተጠቅልሎ የደረሰዎ የተሰበረው ክሮቼራ ነው፤ ጋሽ አሚን ዘንጉን ሲፈቱ በኪሳቸው ከትተውት ስለነበር ከጎርፉ ተርፏል። መስቀል መሆኑን ክፍልዎ በማኅተም ስላረጋገጠ ሊሳለሙት ይዳዳዎት ይሆናል፤ እባክዎ ይተዉት፣ ቅባቱ ከከንፈር ቶሎ አይለቅም። ራዊያም አርባ ቀኗ ሳይሞላ ከቤት መውጣት ባይገባትም፣ ሐሙስ ጠዋት ሱአድን ታቅፋ ከኮሚቴው በር ላይ እንደምትቀመጥ እንድነግርዎ ልካኛለች። የጠፋውን ንብረት መዝግበዋል፤ እሷ ያልጠፋውን ይዛ ትመጣለች።