አገር ቤት የሄደው ባልቦላ

መስከረም 10፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል

ሦስተኛ ዙሩን እየዞረ ነው፣ ወልዴ ባሌ። የጓዳው አምፖል ጠፍቷል። የሳሎኑም። ራዲዮኑ ተነቅሏል። ካውያውም ተነቅሏል፤ ግን እየተመለሰ በመዳፉ ይነካዋል፣ ቀዝቅዞ እንደሆን። ደብተሬ፣ አንቺንም "ይቺስ መብራት ትበላ ይሆን?" ብሎ ሳያይሽ አልቀረም።

ለመስቀል አባቱ ዘንድ ልንሄድ ነው። አሥራ ሁለት ቀን። ሌባ እንዳይደፍረን የበረንዳው መብራት ይብራ አልኩት። ለማን? ሳሎን ለተሰቀለው የጃንሆይ ፎቶ? አለና በራሱ ቃል ደንግጦ፣ ሰው ሰምቶ እንደሆን በሩን አየ። ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩት። ብቀልድበትም ቁጠባውን እወድለታለሁ። ይህን ቤት በሱቁ ገቢ ያቆመው እሱ ነው።

ቁልፉን ለእትዬ ዘይነባ ሰጠሁ። ግድግዳ ለግድግዳ ነን። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በስፌት ነው የሚኖሩት። ቀን ኮልፌ ገበያ ቀሚስ ይሸጣሉ፤ የሚሰፉት ማምሻውን። ዘንድሮ የሰፈራችን ት/ቤት ዳይሬክተር የተማሪዎቹን ዩኒፎርም ገና ለመጀመሪያ ጊዜ አምኖ ሰጥቷቸዋል። ት/ቤት የሚከፈተው በ22 ነው። እስከዚያ ካላደረሱ ሥራው ጦር ኃይሎች ሰፈር ላለው ልብስ ሰፊ ይሄዳል። ዓይናቸውን ከመርፌው ሳያነሱ በሰላም ግቡ አሉኝ።

መጨረሻ ላይ ወልዴ ከቆጣሪው ሥር ያለችውን፣ መብራት የምታሳልፈውን ነጭ ሸክላ ባልቦላ ነቅሎ ኮቱ ኪስ ከተተ። እንግዲህ ምንም አይባክንም አለ። እንዴት ያለ ጠንቃቃ ነው! አጨበጨብኩለት።

መስከረም 14፣ አገር ቤት

ለአባቱ ያመጣውን ሱረት ትምባሆ ከኮቱ ሲያወጣ ባልቦላው ዱብ አለ። አማቼ አንስተው ምንድን ነው አሉ። ወልዴ ደረቱን ነፍቶ ማስረዳት ጀመረ። ይቺ ስትነቀል ቤቱ በሙሉ... ቤቱ በሙሉ... አፉ ተከፍቶ ቀረ። እኔም ያኔ ነው የገባኝ።

የእትዬ ዘይነባ አምፖል የሚበራው ከኛ ቆጣሪ በተሳበ ገመድ ነው!

ወይ ጉዴ! ቁልፉ እጃቸው ላይ ነው፤ ምን ይረባል? ባልቦላው እዚህ።

መስከ. 15

ወልዴ አሁኑኑ እመለሳለሁ ይላል። ወንዙ ሞልቷል፣ መኪና የለም። ባልቦላዋን እያገላበጠ ያያታል። አሳዘነኝ። ደግሞ ተናደድኩ። ደግሞ አሳዘነኝ። ያጨበጨብኩት እኔ፣ ምን አፍ አለኝ?

መስከ. 20፣ ማምሻ

ወንዙ ጎድሎ ሁለት ቀን ቀድመን ገባን። ከፌርማታው ወርደን ወደ ቤት ስንቀርብ በረንዳችን ላይ ብርሃን። ወልዴ ኪሱን ዳሰሰ። ባልቦላው አለ። ሌባ ነው አለና ድንጋይ አነሳ።

ሌባ የለም። እትዬ ዘይነባ ናቸው። የስፌት መኪናቸው በረንዳችን ላይ፣ ፋኖሳቸው መስኮታችን ላይ፣ ዩኒፎርሙ አጠገባቸው ክምር። የቀራቸው አራት ጃኬት ብቻ።

በሄድን ማታ ነው የጨለመባቸው። አምፖሉ የተቃጠለ መስሏቸው ቀየሩት። በማግስቱ ቆጣሪው ሥር አይተው ነገሩ ገባቸው። ፋኖሱን ቤታቸው ቢያበሩት ለእሳቸው ብቻ ነው፤ የኛ ቤት ደግሞ ጭልም ብሎ ባዶነቱን ለሌባ ያሳብቃል። ስለዚህ ያንን የሚያህል መኪና ብቻቸውን እየጎተቱ እኛ በረንዳ አወጡት። አንድ ፋኖስ፣ ሁለት ሥራ። ብርዱስ ስላቸው፣ ስሰፋ ይሞቀኛል አሉ።

ዓይናቸው ቀልቷል። አንዲት የወቀሳ ቃል የለም። አማችሽ ደኅና ናቸው? ይሉኛል። ምነው በተቆጡን! ይቀለኝ ነበር።

ወልዴ ባልቦላውን ሰካ። በራ። አጎንብሶ ይቅርታ ሲጠይቃቸው፣ ለመሆኑ ባልቦላው የመስቀሉን ክትፎ ወደደው ወይ? አሉት። ሳቅን። እኔ ሳቄ ወደ ለቅሶ ሄደብኝ። እሳቸው እቴ! ወዲያው ፋኖሱን እፍ አሉት። ለአንድ መርፌ ሁለት መብራት ምን ይሠራል አሉ። ወልዴ አስተማሪውን አገኘ!

መስከ. 22፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት

ተማሪዎቹ በደጃችን አለፉ። ሰማያዊ በሰማያዊ። ሁሉም የእሳቸው እጅ ሥራ። ወልዴ ሱቁን ሳይከፍት ቆሞ አያቸው። እንዲህ ኮርቶ አይቼው አላውቅም፣ በራሱም እንኳ።

ወስነናል። ከእንግዲህ ስንሄድ ባልቦላ አይነቀልም። የየክፍሉ መብራት ይጠፋል፤ የበረንዳው ይበራል፤ እሳቸውም ከሥሩ ይሰፋሉ።

አሁን ሊነግራቸው ሄዷል። በግድግዳው ይሰማኛል። እትዬ ዘይነባ እሺ አላሉም። ሰው የሌለበት በረንዳ ለምን ይበራል? ስወጣ አበራዋለሁ፣ የቤቴን አጥፍቼ፤ ስገባ አጠፋዋለሁ አሉት። መዶሻ ተሰማኝ። ደብተሬ፣ የኛን በረንዳ ማብሪያ ማጥፊያ እሳቸው ግድግዳ ላይ እየመታላቸው ነው!