ከአለቃ ቃል በታች ስለተጻፈችው አምባ ጊዮርጊስ

ይድረስ ለክቡር አቶ ስማቸው፣
በጎንደር የደጋ አዝመራ ጥበቃ ማዕከል የኔትወርክ ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደ ኔትወርክዎ ጥብቅ ይሁን፤ ጉንፋን እንኳ እርስዎን ሳያስፈቅድ አይግባ። እኔ የአምባ ጊዮርጊስ ቅርንጫፍ ባለሙያ ሐመልማል፣ ምስጋናዬን በጋዜጣ የማቀርበው ኢሜይሌ ደጅዎን ስለማያልፍ ነው። በአዲ አርቃይ ቅርንጫፍ ቀንታ ነው የሚል ካለ አልተሳሳተም።

፩. የሰፈራችንን ገበሬ የአያ ባፈናን ገብስ ዋግ ቢመታው፣ የሚረጭ መድኃኒት እንዲታዘዝላቸው ፎቶ አንስቼ ወደ ማዕከሉ ብልክ ብልክ ደብዛው ጠፋ። ለካ ፋየርዎል የሚሉት የእርስዎ የኔትወርክ ማጣሪያ፣ የተላከው ሁሉ በትናንሹ ተከፋፍሎ ሲደርሰው፣ ከየት መጣ፣ ወዴት ይሄዳል፣ በየትኛው በር ይገባል ብሎ አድራሻውን ብቻ ያያል እንጂ በውስጡ የሰው አዝመራ ይኑር አይኑር አይመለከትም። የሰርግ ቤት ልጃገረዶች እንኳ በር ዘግተው ከዘፈኑ በኋላ ሙሽራውን ያስገባሉ።

፪. ማጣሪያው ሕጎቹን ከላይ ወደ ታች እያነበበ መጀመሪያ በገጠመው ይፈርዳል፤ የቀረውን አያነብም። እርስዎ ግን ጨዋ ነዎትና በማዕረግ ደረደሯቸው። ከሁሉ በላይ አዲ አርቃይ ይለፍ፤ የቅርንጫፉ ኃላፊ አያ አስናቀው ዳይሬክተሩን ያስተማሩ ሽማግሌ ናቸውና። ቀጥሎ የዳይሬክተሩ ትእዛዝ፣ ሌላው ሁሉ ይከልከል። ከእሱ ሥር አምባ ጊዮርጊስ ይለፍ። ምነው ብዬ ብጠይቅዎ «የአለቃን ቃል ከአንቺ በታች ልጻፍ እንዴ?» አሉኝ። ፈቃዱን ስላልነፈጉኝ እጅ እነሳለሁ።

፫. ፎቶውን በፍላሽ ይዤ ጎንደር ብወርድ፣ ፍላሽ ቫይረስ ያመጣል፣ በኔትወርክ ይላክ ተብዬ ከበር ተመለስሁ። ስለዚህ ጎንደር ለመግባት ለጎንደር ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ሊማሊሞን ወርጄ፣ አዲ አርቃይ ካለው ከአያ አስናቀው ኮምፒውተር ላክሁት። ወዲያው ገባ። እኔ የደከምሁበት ፎቶ በእሳቸው ስም ገብቶ፣ ስለ ንቃታቸው የምስክር ወረቀት ሲሸለሙ ደግሞ መዳፌ እስኪቀላ አጨበጨብሁ። እሳቸው ሸጋ ሰው ናቸው፤ ይኸው ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ።

ከማይነበበው መስመር ላይ ሆኜ፣ ከማይደርስ አክብሮት ጋር፣
ሐመልማል

ማስታወሻ፦ መድኃኒቱ በላኪው አድራሻ ተጭኖ ገብስ ወደማይዘራበት ወደ አዲ አርቃይ ሄዷል። ማኪናዋ በአምባ ጊዮርጊስ ስታልፍ፣ አያ ባፈና ዋግ ከጨረሰው ማሳቸው ዳር ቆመው፣ የመንግሥት ናት ብለው እጅ ነሷት።