ከድሬዳዋ የመጣው ገመድ

ለውድ እህቴ ለኢፍቱ፤

የድሬ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ወገብሽንስ ተሻለሽ? ባለቤትሽ አብዱናሲር ደህና ነው? ልጅሽን ኑሬን ያ ሳል ለቀቀው? እኔ ከጉልበቴ ቁርጥማት በቀር ደህና ነኝ፤ ልጄ ጫልቱም ደህና ናት። እንዲያውም ከመጠን በላይ ደህና ናት፤ ብዕር ያነሳሁትም በዚሁ ነገር ነው።

የላክሻቸው ሁለት ኪቦርዶችና ከበሮ የሚመታው ሳጥን ሳይሰበሩ ደርሰዋል። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ያርፍባት የነበረችው የጓሮ ክፍል አሁን ስቱዲዮ ተብላለች። ጫልቱ ድምፅ እንዳይወጣ ብላ ግድግዳውን በመቂ ሽንኩርት ኬሻ ሸፍናዋለች። እኔ በገባሁ ቁጥር ሽንኩርት ይሸተኛል፤ እሷን ግን ምንም አይሸታትም፤ የአክስቷ ዕቃ ነዋ!

ድምፅሽን በካሴት ቀድተሽ እንደ ነገርሻት፣ ሦስቱ በገመድ ከተያያዙ ሳጥኑ ምቱን ይቆጥራል፤ ኪቦርዶቹም የተቀዳባቸውን ዜማ በእሱ ቆጠራ ይዘው አብረው ይሄዳሉ። ገመዱን መላክ ግን ረስተሽ ነበር። ያለ ገመድ አንዱ ሲቀድም አንዱ ሲጎተት፣ ልጅቷ ልታለቅስ ደረሰች። ያኔ የባለቤቴ የጀርመን ቴፕ ገመድ ትዝ አለኝ። ከልብስ ሣጥኔ አውጥቼ ጫፉን ሳየው ከቀዳዳው ጋር ልክክ ይላል። ጫልቱ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። አልደብቅሽም፣ ያን ቀን ካንቺ የበለጥኩ መሰለኝ።

ተሰካ፤ ገባ፤ ግን ኪቦርዶቹ ጭጭ አሉ። ጎረቤታችን ሬዲዮ ጠጋኙ ፈዬራ ፈትቶ አየውና፣ «እትዬ የሺ፣ ጫፉ መግባቱንስ ይገባል፤ ውስጡ ያለው ሽቦ ግን የሚፈለገው የጫፉ እግር ላይ አልተበየደም፤ ይሄ ለቴፕ ነው» አለኝ። ቀጥሎም፣ ባለቤቴን ማለቱ ነው፣ «የጋሼ ገመድ ለአክስቷ ዕቃ አልታዘዝም አለ» ብሎ ቀለደ። ልጄ ሳቀች። እኔ ገመዱን ጠቅልዬ መልሼ አስቀመጥኩት።

ያንቺ ገመድ በባቡር መጣ። ፈዬራ ከሳጥኑ መውጫ ወደ አንደኛው ኪቦርድ፣ ከእሱም ወደ ሁለተኛው ሰካው። አሁንም አልገጠሙም፤ ለካ ኪቦርዶቹ የየራሳቸውን ቆጠራ ትተው የሳጥኑን እንዲሰሙ መታዘዝ ነበረባቸው። የዕቃዎቹ መጽሐፍ እንግሊዝኛ ነው፤ እኔ ደግሞ ፊደልን ከስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ላይ የለቃቀምኩ ሰው ነኝ፤ ሥዕሉን አይቼ ተውኩት። ጫልቱ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ካሴትሽን ከፈተች። አንቺ ትነግሪያታለሽ፤ እሷ ቁልፍ እየነካች ፈገግ ትላለች፤ እኔ በር ላይ ቆሜ ምን እንደምትያት አልሰማም። ከዚያ ሦስቱም እንደ አንድ ሰው እጅ ሄዱ። «አክስቴ ትኑርልኝ!» ብላ ጮኸች። እኔን ያየችኝ ዘግይታ ነው።

ማታ እራት ላይ፣ «እማ፣ ከፋሲካ በኋላ ድሬ ሄጄ ከአክስቴ ባንድ ጋር ልጫወት?» አለችኝ። በካሴቱ መጨረሻ ጠርተሻት ኖሯል። አይሆንም የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ግን ኢፍቱ፣ ሆቴል መዝፈንሽን ለአባባ የነገርኩት እኔ ነኝ፤ በሩን ዘግቶብሽ በባቡር ስትሄጂም እኔ ቤት ተቀምጬ ነበር። ይቅር ብዬሻለሁ ብለሽ ጽፈሽልኛል። እኔ እስከ ዛሬ በባቡር ጣቢያው በኩል አላልፍም፤ ዞሬ ነው ገበያ የምሄደው።

ስለዚህ ትምጣ። ደስ ብሎኝ ነው ብለሽ ግን እንዳታስቢ። እየቀናሁ ነው የምልካት። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ መድረክ ላይ የሚያስተዋውቃት ሰው የኢፍቱ እህት ልጅ እንዳይላት። ጫልቱ፣ የየሺዓለም ልጅ ብሎ ይጥራት።

ለአብዱናሲር አክብሮቴን አድርሺልኝ። ኑሬን ጉንጩን ሳሚልኝ። ፈዬራም ሰላም ብሎሻል። ጫልቱ ሰላም በይልኝ ብላኛለች፤ ይኸው ብያለሁ።

እህትሽ የሺዓለም
ናዝሬት፣ መጋቢት 19 ቀን 1981 ዓ.ም.