እናትህ ቼናይ ያለህ ይመስላታል

ውዴ ታሪኩ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላ ነው፤ እናትህ ግን ዛሬም ሰላምታ ትልክልሃለች። እኔም እሺ፣ አደርስልሻለሁ እላታለሁ። ያለብኝን ጉድ አየህልኝ?

ኮሮና የወሰደህ ሰሞን ጆሃንስበርግ ላይ በላስቲክ ጠቅልለው ሲቀብሩህ፣ እኔ ከመኪና እንዳልወርድ ተከልክዬ በመስኮት ነው ያየሁት። እናትህ ያለችበት ሆሳዕና ከተማም ሰው መሰብሰብ አይቻልም ነበር። መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገር፤ ሽማግሌ ሳይሰበሰብ፣ ጎህ ሳይቀድ ደጇ ሳይንኳኳ እንዴት ተደርጎ? ስለዚህ ወንድምህ ማርቆስ፣ ለልብህ ቼክአፕ ሕንድ ሄደህ አውሮፕላን ተዘግቶብህ ቼናይ እንደቀረህ ነገራት። ከዚያ ስልክ መደወል እንደማይሆንልህ፣ ወሬህ በእኔ በኩል እንደሚደርሳትም አከለላት። ከዓመታት በፊት እዚያ ቀዶ ጥገና ስለተደረገልህ አልተጠራጠረችም። እኔን አላማከረኝም። አሁን እሱ ስልኳን አያነሳም፤ የምትደውለው ለእኔ ነው።

ዛሬ የት ዋለ ትለኛለች። ምን ልበላት? እኔ ቼናይን የማውቃት በሆስፒታሉ ኮሪደርና ሐኪሙ ካሰናበተህ በኋላ በዞርንባት አንዲት ከሰዓት ነው። እሷኑ እየቆረስኩ እሰጣታለሁ። አንድ ቀን ጃስሚን በክር ሰክተው የሚሸጡትን ሴቶች፣ ሌላ ቀን ሎሚና በርበሬ የታሸውን የበቆሎ ጥብስ። የእኛን በርበሬ አያህልም ብለህ ስትኮራ እንባህ ዱብ ዱብ ማለቱን ስነግራት ከልቧ ሳቀች። ማሪና በሚሉት የባሕር ዳርቻ ሱሪህን እስከ ጉልበትህ ሰብስበህ ማዕበሉ በመጣ ቁጥር እጄን እየጎተትክ ትሸሽ ነበር፤ ሳሪ የለበሱት አሮጊቶች ከነልብሳቸው ይገባሉ። እስኪመሽ አሸዋው ላይ ተቀመጥን። እዚህ ካትሌሆንግ ሰፈር ከሱቃችን የብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆመህ ዳቦና ኤርታይም፣ የሞባይል ካርድ ስትሸጥ ከኖርክበት ዘመን ሁሉ፣ እንደ መጤ ባለሱቅ በስምህ ፈንታ ማይ ፍሬንድ ብሎ የሚጠራህ ሰው ያልነበረበት ቀን ያ ብቻ ነው።

ሱቁን አሁን የምከፍተው እኔ ነኝ። ልጃችን ሊዲያ በቁመት ደርሳብኛለች። አያቷ ስትደውል ክፍሉን ጥላ ትወጣለች፤ መዋሸት አታውቅበትም፣ አንተን ነው የመሰለችው።

ሰሞኑን ደግሞ የባሰ መጣ። ሕንድ አገር ሰው እንደ ቅጠል እየረገፈ ነው ሲባል እናትህ በሬዲዮ ሰማች። ጾም ይዛለች። ልጄን ከዚያ አውጪልኝ እያለች ታለቅሳለች። ከየት ነው የማወጣህ? ማርቆስን ለመንኩት፣ የቤተ ክርስቲያኗን ሽማግሌዎች ለመንኩ፤ ጾሟን ትጨርስ፣ ትንሽ ትጠንክር አሉኝ። እውነቱን እንዳልነግራት ብቻዋን ናት፣ ብትወድቅ የሚያነሳት የለም። ዝም እንዳልል ስልኩ ይጠራል። ጌታን እንኳ ምን ብዬ እንደምለምነው ጠፍቶኛል።

ትናንት ከሰዓት ደወለች። አላለቀሰችም። ፈቃዱ ሆኖ ክፉ ከመጣ፣ ሬሳውን አመጣለሁ ብለሽ አትንገላቺ አለችኝ። ያ የነገርሽኝ ባሕር አጠገብ ይቅበሩት፤ ደስ ብሎት የዋለበት ቦታ ነው አለች። ታሪኩ፣ ደንበኛ ፍርግርጉን እያንኳኳ፣ እኔ ስልኩን በጆሮዬ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

ያቺ ከሰዓት አልቃለች፤ የምቆርስላት ሌላ የለኝም። ግን ቃሌ ይኸው፦ ሽማግሌዎቹ ደጇን እስኪያንኳኩ ድረስ እዚያው ባሕሩ ዳር አቆይሃለሁ። ካንኳኩም በኋላ እኔ አንተን የማስብህ እዚያ ነው። ነገ ስትደውልም አነሳላታለሁ።