ሣሩን ያጠገብኩት እኔ ነኝ

ውድ እናቴ ቶዮ፣

ይህን ደብዳቤ ቀደው ከመጣልዎ በፊት አንድ ነገር ብቻ ያንብቡልኝ፦ ከግጦሻችን ውስጥ ባለ ሦስት ቅጠሉን ማገጥ ያጠፋሁት እኔ ምራትዎ ነኝ እንጂ ልጅዎ ሾዞ አይደለም።

በረዶው በሟሟበት ሰሞን ፍል ውሃ ሄደው የሰነበቱትን ያስታውሳሉ? ሾዞም ላም ጨረታ ወጥቶ ነበር። እርስዎ ሊሄዱ ሲሉ በጎረቤት ፊት «የከተማ ልጅ እጅ ሣር አያበቅልም» ስላሉኝ እልህ ያዘኝ። ለድንቹ የተቀመጠውን ማዳበሪያ አውጥቼ ግጦሹ ላይ በተንኩት። ሲመለሱ ሣሩ እስከ ጉልበት ደርሶ ነበር። «መሬቱ ቀናው፣ ልጄ» አሉኝ። ልጄ ሲሉኝ የመጀመሪያዎ ነበር። እኔ ሞኟ ያንን ቃል ደግሜ ልሰማ ብዬ በዓመቱም በተንኩ።

ነግረውኝ ነበር እኮ። መሬታችን የእሳተ ገሞራ አመድ ነው፣ ተክል የሚመገበው ናይትሮጅን የለውም፤ ማገጡ ከአየር ወስዶ ለራሱ ያበስላል፣ ሣሩ ትራፊውን ይቀምሳል፤ ሣሩን ብቻውን ካጠገብሽው ጎረቤቱን ይውጠዋል ብለውኛል። የአሮጊት ተረት መስሎኝ! ሣሩ ተመዝዞ ማገጡን ፀሐይ ከለከለው፣ እሱም ከሥር መንምኖ ጠፋ። ማዳበሪያው ሲያልቅ ደግሞ ሣሩ ራሱ የሚበላው አጥቶ ቢጫ ሆነ።

ተንበርክከው አፈሩን ሲፈትሹ፣ አንድ የማገጥ ሥር እንኳ ሲያጡ፣ አጠገብዎ ቆሜ ነበር። «ማነው እንዲህ ያደረገው?» አሉ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ሾዞ አየኝና «እኔ ነኝ፣ እማ» አለ። በዚያው ሻንጣዎን ይዘው ኩሺሮ ከተማ ሴት ልጅዎ ቤት ገቡ። ይኸው ሦስት ዓመት ስልኩን አላነሱለትም።

ላሞቹ ከስተዋል። ሾዞ እርሻውን ለመተው ፈርሟል፤ ሐሙስ መኪና መጥቶ ላሞቹን ይወስዳቸዋል። እህል አይቀምስም፣ ጋጣ ውስጥ ተቀምጦ ግድግዳ ያያል። ላሞቹ ከሄዱ በኋላ በራሱ ላይ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። እናቴ፣ ፈርቻለሁ።

ትናንት ለእናትህ እውነቱን ልጽፍላቸው ነው ስለው ቀና አለ። «ተይው» አለኝ። «እኔን ወልዳኛለች፣ አንድ ቀን ይቅር ትለኛለች። አንቺን ግን መቼም አትምርሽም።»

ስለ እኔ ልክ ነው፤ አይማሩኝ። ስለ ራሱ ግን ይኸው ሦስት ዓመት ተሳስቷል። ከሐሙስ በፊት ይምጡለት። ፊቴን ማየት ካስጠላዎ ይንገሩኝ፤ እርስዎ ሲገቡ እኔ እወጣለሁ።

ልጅዎን በዝምታዬ የነጠቅኩዎ፣
ካናኤ