ቤተ መጻሕፍት ነበርኩ

ቃሊቲ፣ ሰኔ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለመርዋ፣

አሰላሙ ዓለይኩም የኔ እናት። አንቺም አክስትሽ ዙለይኻም ወራቤ ላይ በጤና እንዳላችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን። ስደውል ሰላምታዬን ተቀብለሽ ስልኩን ቶሎ ለአክስትሽ ትሰጫታለሽ፤ ወረቀት ግን አንብበሽ እስክትጨርሺ ትይዢዋለሽ ብዬ ነው የጻፍኩት።

እናትሽን ጉልበቷን ያማታል፤ ዝናቡ ስለጀመረ ነው ትላለች። ሱቁ ደህና ነው። ጣሪያው የሚያፈስበት ሁሉ ቆርቆሮና ሚስማር ፍለጋ ይመጣል። ታውቂው የለ፣ የሰፈራችን ሰው ጣሪያው ትዝ የሚለው ሲዘንብበት ነው። እኔም ከእነሱ የምሻል አይደለሁም።

ትናንት የወረዳው ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ አቶ ፀሐዩ ሱቅ መጡ። ተማሪዎች ክረምቱን እዚያ እየመጡ እንዲያነቡ የሚጋብዝ ማስታወቂያ ይዘው ነበር፤ በራችን ላይ እንድለጥፍላቸው። እየለጠፍኩ ሳለ፣ ደንበኞች በቆሙበት፣ “ያቺ ጎበዝ ልጅዎ ዘንድሮስ ትመጣለች? ሕፃናቱ እየጠየቁኝ ነው” አሉኝ።

መርዋ፣ አምና ሐምሌ የሆነውን አንቺም እኔም አንረሳውም። ክረምቱን ቤተ መጻሕፍት እውላለሁ ብለሽኝ ነበር። አንድ ቀን የመጋዘኑ ቁልፍ አንቺ ጋ ቀርቶ ልወስድ መጣሁ። በትልቁ ማንበቢያ አዳራሽ ውስጥ ወንበር በወንበር ፈለግኩሽ፣ የለሽም። ጥበቃው የአንባቢዎቹን መዝገብ ገልጦ አየልኝ፤ ስምሽ እዚያም የለም። ማታ እስክትመለሺ ሱቁ በር ላይ ጠበቅኩሽ። የት ዋልሽ ስልሽ “ቤተ መጻሕፍት ነበርኩ” አልሽኝ። ሰው ፊት በጥፊ መታሁሽ። በነጋታው ወራቤ ላክሁሽ፤ ለአክስትሽም ከወንድ ጋር ስትዞሪ እንደደረስኩብሽ ነገርኳት። ስትዞሪ ግን አላየሁሽም። ከንዴቴ የጨመርኩት ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መሰለች የምትባል ሴት ትንሽ ልጇን እየሩሳሌምን ይዛ ሱቅ መጣች። መምህርቷ ምነው ጠፋች አለችኝ፤ ልጇን ፊደል ያስቆጠርሻት አንቺ ነሽ። የት ብላት፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለው የሕፃናት ክፍል አለችኝ። ሱቁን ለእናትሽ ትቼ ሄድኩ። ለካ በበጎ ፈቃድ ሕፃናት የሚያስነብቡት ልጆች የሚፈርሙት ሌላ መዝገብ ላይ ነው፤ ስምሽ በየቀኑ አለ። አቶ ፀሐዩ ደግሞ የወላጅ ፈቃድ የሚባለውን ወረቀት አወጡልኝ። “ልጄ በክረምቱ ሕፃናትን እንድታስነብብ ፈቅጃለሁ” ይላል። ከሥሩ ያለው ፊርማ የኔ ነው።

ያኔ ትዝ አለኝ። ሚስማር እየመዘንኩ ሳለ “አባዬ፣ አንብበህ ፈርምልኝ” ብለሽ ሰጠሽኝ። የትምህርት ቤት ወረቀት መስሎኝ ሳላነብ ሞነጫጨርኩበት። የዕቃ ደረሰኝ ሲሆን ሦስት ጊዜ የማነብ ሰው ነኝ።

ይህን ካወቅኩ አሥር ወር ሆነኝ ልጄ። ያን ዕለት ልደውልልሽ ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ነገ አልኩ፣ ከበዓሉ በኋላ አልኩ፣ ፈተና ላይ ናት አልኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩትን መልቀሙ ነው ያቃተኝ። በኔ ወሬ የተነሳ አክስትሽ ከትምህርት ቤት በቀር ከቤት እንደማታስወጣሽ እያወቅኩ ዝም አልኩ። ጥፊው የንዴት ነበር። ዝምታው ግን አስቤበት ያደረግኩት ነው፣ እሱ ያሳፍረኛል።

ትናንት ለአቶ ፀሐዩ እውነቱን ነገርኳቸው፣ ደንበኞቹም እየሰሙ። ልጄ አልዋሸችም፣ ሳላነብ ፈርሜ ሳልጠይቅ የመታኋት እኔ ነኝ አልኩ። አንዳንዶቹ የዚያን ዕለትም ነበሩ፤ ቀና ብለው አላዩኝም። ከዚያ ለአክስትሽ ደውዬ የወንዱ ነገር ውሸት እንደነበር ተናዘዝኩ።

“ልጅቷ እኮ የመጣች ዕለት ‘አባዬ ፈርሞልኛል’ ብላኝ ነበር” አለችኝ። “እኔ ያንተን አመንኩ።”

መርዋ፣ ለካ እንደማውቅ ነበር የምታስቢው። አባቴ ፈቅዶልኝ፣ የት እንደምውል እያወቀ መታኝ ብለሽ ነው ዓመቱን ሙሉ የኖርሽው። ለዚህ ነው ያን ዕለት ሌላ ቃል ያልመለስሽልኝ። አላነበብኩትም ነበር ልጄ። ይቅር በይኝ።

ቅዳሜ ወራቤ እመጣለሁ፣ ግን ልወስድሽ አይደለም። መምጣትም መቅረትም ያንቺ ፈቃድ ነው፤ አክስትሽም ከእንግዲህ አትከለክልሽም። ይቅርታዬን በአፌም እንድትሰሚው ብዬ ነው። ልታዪኝ ካልፈለግሽ ለአክስትሽ ንገሪያት፤ ምሳዬን ከእሷ ጋር በልቼ እመለሳለሁ፣ አልቀየምም።

አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ዕውቀትሽን ያብዛልሽ። ከችኩል ሰው እጅም ይጠብቅሽ፣ ያ ሰው አባትሽ ቢሆንም።

አባትሽ
ሙህዲን