የማጀቴ ተራ

ይድረስ ለልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ባልሽስ፣ ልጆችሽስ? ሊያ ጥርስ አወጣች ወይ? እኔ ከሙቀቱ በቀር ምንም አልሆንኩም። የሸዋ ሮቢትን ሙቀት ታውቂዋለሽ፤ ዘንድሮ ደግሞ ጥላ ሥር የተኛ ውሻ ሰው ቢረግጠው እንኳ አይነሣም።

ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። ፊደሉ ቢንጋደድም በመሠረተ ትምህርት የተማርኩትን አልረሳሁም። ሰው አስጽፌ የቤቴን ጉዳይ አላሰማም። ስልክ ብትደውል ምን ነበረበት ትያለሽ። ስልኩን ሳነሣ ድምፅሽ የእናትሽን ይመስላል፤ አፌ ይያዝና እዘጋዋለሁ። የተቆጣሁ ይመስልሻል። መቆጣቱንም ተቆጥቻለሁ፣ እሱን አልደብቅሽም።

አሁን የምነግርሽ ግን ስለ ኳስ ነው። አትሳቂ።

እዚህ ልጆቹ የሰፈር ቡድኖች ውድድር አቋቋሙ። ሰባት ቡድን ነው፤ ከከተማው አለ፣ ከቀወት ገጠር አለ፣ አንዱ ደግሞ ከናንተ ከማጀቴ ነው። ማን ከማን መቼ ይጫወት የሚለውን ሲያወጡ ተጣሉ። ያወጣ ሁሉ ለራሱ ቡድን አደላ ተባለ። በመጨረሻ መሳፍንት የሚባል ከጎጃም ተመድቦ የመጣ መምህር፣ ኢብሮ ባለባጃጁን አስከትሎ ቤቴ መጣ። ኢብሮ የአንዱ ቡድን አምበል ነው። «አባባ፣ እርስዎ የውሃ አባት ሆነው ያንን ሁሉ ገበሬ በተራ ሲያጠጡ አንድ ሰው አላማዎትም፤ የኛንም ተራ ያውጡልን» አለኝ። አላማዎትም ያለው ውሸቱን ነው፤ ሲያሙኝ ነው የኖሩት። ቢሆንም ደስ አለኝና እሺ አልኩ።

ተራውን ውሃ እንደማከፋፍለው አወጣሁት፤ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ አንድ ቀን። በመጀመሪያው ቀን ፀሐዩ በረድ ሲል የኢብሮ ቡድን መጥቶ ሜዳው መካከል ቆመ። ቢጠብቁ ማንም የለም። ኢብሮ ወደኔ መጣና «አባባ፣ ከማን ጋር ነው የምንጫወተው? ከነፋሱ?» አለኝ። ዛሬ ሜዳው የናንተ ነው፣ ማን ይከለክላችኋል፣ እስኪበቃችሁ ተጫወቱበት አልኩት። የተሰበሰበው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስሜ ፊፋ ሆኗል። ገበያ ስወጣ ሽንኩርት ሻጮቹ ሳይቀሩ «ፊፋ መጣ፣ መንገድ ልቀቁ» ይላሉ።

እስቲ አንቺ ፍረጂኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሁለት ሰው ባንድ ሰዓት አንድ ቦይ ላይ እንዳይገናኝ ስጠብቅ ኖርኩ፤ ከተገናኙ አካፋ ይማዘዛሉ። እነዚህ ደግሞ ሁለቱን በሰዓቱ አገናኝልን ይላሉ። ግራ ገባኝ። ቢሆንም አላውቅም ብዬ አልመለስም፤ ጥንድ ጥንድ አድርጌ እንደገና አወጣሁ።

አሁን ደግሞ አንዱ ተረፈ። መሳፍንትን ብጠይቀው በየሳምንቱ አንዱ ያርፋል፣ አራፊ ይባላል አለኝ። ምን አጥፍቶ ብለው፣ ምንም አላጠፋም፣ ጥንድ አጥቶ ነው አለኝ። ይህን ነገር ብዙ አሰብኩበት። ጥንድ ያጣው በዚያ ቀን ምን ይሠራል? ሜዳ መጥቶ ያያል ወይስ ቤቱ ይቀመጣል? እንደፈለገ ነው አለኝ መሳፍንት። እንደፈለገ ማለት መልስ ነው እንዴ?

እኔም ማጀቴን አራፊ አደረግሁ። በሚቀጥለውም ሳምንት ማጀቴን። ከዚያም በኋላ ማጀቴን። ስድስቱ እንደ በሬ ተጠምደው ሲጫወቱ ማጀቴ አራፊ እንደሆነ ቀረ። እጄ ሌላ አልጽፍ አለኝ። መሳፍንት ሲጠይቀኝ ሩቅ ናቸው፣ መንገዱ ያደክማቸዋል አልኩት።

አንድ ቀን የማጀቴው አምበል ልዑል አውቶቡስ ተሳፍሮ መጣ። ጎረቤትሽ ነኝ ብሎኛል። በራፌ ላይ ቆሞ «አባባ፣ ምን በደልንዎት? ውሃ ሲያድሉ ቦዩ ጫፍ ላይ ያለው እንዳይቀርበት ከሱ ይጀምሩ ነበር ይላሉ። ጫፍ ላይ ያለነው እኛ ነን» አለኝ። ግባ ብዬ ሻይ አፈላሁለት። ስኳሩ በዝቶበት መሰለኝ ፊቱ ጭፍግግ አለ፤ ግን ጠጣው።

ሲጠጣ ሳልጠይቀው ያወራል። ጠዋት ጠዋት ሲሮጡ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል እንደሚያልፉ፣ ለእናትሽ መቃብር ድንጋይ እንዳስቆምሽላት፣ ድንጋዩ ላይ ግን አንድም ፊደል እንደሌለ ነገረኝ። ለምን አልኩት። «ልጅዎ አባቴ ሳይመጣ አይጻፍም ብላለች» አለኝ። ስለ ኳሱ እንነጋገር አልኩት።

ልጄ፣ እኔ እናትሽ ያረፈች ቀን አጣዬ ድረስ መጥቼ ነበር። መኪና ልቀይር ስወርድ ነው ተቀበረች ያሉኝ። ሙቀት ነው፣ መንገዱም ተዘግቶ ነበር፣ መቼ እንደምትደርስ አላወቅንም ብለሽኛል ኋላ። ልክ ትሆኚ ይሆናል። ሊያን ስትወልጂ ልታርስሽ ብላ ከቤቷ ወጥታ በዚያው መቅረቷ ነው እንጂ የሚቆጨኝ። አጣዬ መናኸሪያ ቆሜ፣ እግሬ ማጀቴን አይረግጥም ብዬ ማልሁ። ሰው ሰምቶኛል። ያልኩትን የማጥፍ ሰው እንዳልሆንኩ ታውቂያለሽ።

እንግዲህ ልዑል ከሄደ በኋላ ተራውን አፍርሼ ሠራሁት። ሁሉም በየተራው ያርፋል። ማጀቴዎችም በአዲሱ ተራ ሁልጊዜ ወደኛ ከሚመላለሱ አንዴ እንኳ ይኬድላቸው ብዬ የኢብሮን ቡድን ወደ ማጀቴ መደብኩት። ቀኑን ስቆጥረው የእናትሽ ሙት ዓመት ላይ ዋለ። እንዴት እንደሆነ አልገባኝም። ደግሜ ብሠራው እዚያው ላይ ወደቀ። ኢብሮ ሠርግ አለብን፣ ሌላ ቀን ያድርጉልን ብሎ ቢለምነኝ አልሰማሁትም። ፊፋ ካለ አለ ነው ብሎ እያጉረመረመ ሄደ።

ሜዳን ቀድሞ ማየት ደግሞ የኔ ሥራ ነው። ስለዚህ ራሴ እመጣለሁ። የምመጣው ለሥራ ስለሆነ መሐላውን የሚነካው አይመስለኝም። የንስሐ አባቴን ብጠይቃቸው ሳቁብኝ እንጂ አልመለሱልኝም።

ጨዋታው እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ እኔ ግን በጠዋቱ መኪና እደርሳለሁ። እስከዚያ ምን እንደምሠራ አላውቅም። ልዑል ሜዳው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው ብሎኛል። መንገዱን ስለማላውቀው መናኸሪያ ጠብቂኝና በቤተ ክርስቲያኑ በኩል እንለፍ። ድንጋይ ላይ የሚጽፈው ሰው እሑድ አይሠራ ይሆናል። ሰኞ ይምጣ በዪው።

ኢብሮ ትናንት ልቡ ራራልኝ መሰለኝ፣ አባባ ማታ ስንመለስ የት እንጠብቅዎት አለኝ። አትጠብቁኝ፣ በሚቀጥለው ሳምንት አራፊው እኔ ነኝ አልኩት። ትከሻዬን ነካ አድርጎኝ ሄደ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም።

ደብዳቤውን ለጨዋታ መጥቶ በሚመለሰው በልዑል እጅ ልኬዋለሁ። እግዚአብሔር ጓዳሽን ይሙላልሽ፣ ልጆችሽን አሳድጎ ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ፣ በደጅሽ ክፉ ወሬ አይምጣ።

አባትሽ